የተቆረጠው መቀነት

የአውቶብስ ሾፌሩ ዊልፍሬድ ኦሊቭን አግቢኝ እያለ ሲለምናት ከርሞ በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት። ሐሙስ ዕለት አውቶብሱን መስቀለኛው መንገድ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማ፣ «ቅዳሜ በዚህ መስመር የመጨረሻ ቀኔ ነው፤ ወደ ባሕሩ ዳር ተዛውሬያለሁ። በስምንት ሰዓት እዚህ እደርሳለሁ። ቆመሽ ካገኘሁሽ እሰየው! ካላገኘሁሽ ግን እርሜን አውጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልጠይቅሽም» አላት። እሷም ፊቷ በርበሬ መስሎ «እመጣለሁ» አለች።

ይህችን አንዲት ቃል ከአፏ ለማውጣት ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። ባሏ ሲሪል ከሞተ ጀምሮ ማለቴ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናቱን እማማ ኬዛያን ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስትሰደብ ኖረች። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ አሮጊቷ እግሬ ከዳኝ ብለው አልጋ ላይ ውለዋል። ልጃቸው ግላዲስ ከተማ ውስጥ የሞቀ ቤት አላት። ልውሰድዎት ባለቻቸው ቁጥር ግን «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ነው» ይሏታል። ግላዲስም እናቷ ላይ ከመጮህ ኦሊቭ ላይ መጣል ቀለላት። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚሸከም ካገኘ ይጭናል።

ቤቱስ ብትሉ፣ እንግሊዝ አገር ሳፎክ ውስጥ እንዲህ ያለ የገበሬ ቤት ሞልቷል፤ ሁሉም እንደ ሰካራም ያዘመመ ነው። በባሉጥ እንጨት የተዋቀረ፣ በቋሚዎቹ መሃል ማገር ገብቶበት በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ በላዩ ኖራ የተቀባ። ይኼኛውን የሠራው የሲሪል ቅድመ አያት ቅድመ አያት ኩራተኛ ሰውዬ ነበር አሉ። በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ፣ ድመት እንኳ እንዳታልፍበት አድርጎ፣ ቋሚዎቹን አጠጋግቶ ደረደራቸው። ያኔ እንጨት ማብዛት ሀብት ማሳየት ነበርና። በጓሮ በኩል ግን ማን ያየኛል ብሎ ቋሚዎቹን አራርቆ መሃሉን በጭቃ ሞላው። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አለ። ኮሪደር የሚባል ነገር የለም፤ ከውስጠኛው ክፍል የሚወጣ የፊተኛውን ማቋረጥ ግዱ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መሃል ደግሞ አንድ ወፍራም ግንድ የፊቱንና የጓሮውን ግድግዳ ከወገባቸው ይዞ ያልፍ ነበር። የቤቱ ሰዎች «መቀነቱ» ይሉታል። ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄድ ሁሉ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ እግሩን አንሥቶ፣ በግንዱ ላይ ይሻገር ነበር።

የእማማ ኬዛያ ባል ኤዝራ በጉብዝናው ዘመን አንድ ቀን መጋዝ አምጥቶ ያንን መቀነት ከመሃሉ ገመሰውና በር አወጣበት። ያገሩ ገበሬ በዚህ ዓይነት ስንት ቤት አበላሽቷል መሰላችሁ! ትልቁን ግንድ ቆርጦ፣ በሩን ሰቅሎ፣ እጁን አራግፎ ይሄዳል፤ ቤቱ እንደሆነ በአንድ ቀን አይወድቅ። መቀነት ሲፈታ ቀሚስ እንደሚላላ ቤቱም ቀስ እያለ ላላ። ግድግዳዎቹ በየዓመቱ ትንሽ ይራራቃሉ፣ ጣራው ትንሽ ይወርዳል፣ የበሩ ጉበን ትንሽ ይጫናል። ፎቅ ወለሉ ላይ ፖም ብታስቀምጡ ብቻውን ተንከባሎ መስኮቱ ሥር ይሄዳል።

ስለዚህ በዚያ ቤት አንድ የማይታለፍ ደንብ ነበረ። አዝመራው እንደገባ፣ ዝናቡ ሳይጀምርና እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሳያብጥ፣ የፎቁ በር በመላጊያ ይላጋል። ኤዝራ ላገ፤ ሲሪል ላገ፤ ሲሪል ሲሞት ኦሊቭ ላገች። ዘንድሮ ግን አልነካችውም። እማማ ኬዛያ «አንቺ ሴት፣ በሩን ላጊ፤ ሳይቃጠል በቅጠል» እያሉ ሲጨቀጭቋት ሰነበቱ። እሷ ግን ቃሉ ከአፏ ባይወጣም ልቧ አስቀድሞ ሸፍቶ ነበርና በሆዷ «ለሚሄድ ሰው በር ምኑ ነው? የሚቀረው ይላገው» አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ሲወርድ የሰነበተው ዝናብ ጠዋት አባራ። የመንደሩ ሰው የዓመቱን የማረስ ውድድር ለማየት ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ነቅሎ ሄዷል። ግላዲስ በሻይ ሰዓት በባሏ መኪና እመጣለሁ ብላለች፤ እስከዚያ እናቷ ብቻቸውን ቢቆዩ ምንም አይሆኑም። ኦሊቭ ካፖርቷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ሻንጣዋን ደረጃው ሥር አቁማ ለመሰናበት ወደ ፎቁ፣ እማማ ኬዛያ ወደተኙበት ውስጠኛ ክፍል ወጣች። ያ ስንብት ባይኖር ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ግን ሳይሰናበቱ መሄድስ እንዴት ይሆናል?

«ያው ልትሄጂ ነው» አሉ እማማ ኬዛያ ትራሳቸውን ተደግፈው።

«ያው ልሄድ ነው፣ እማማ። ሾርባው ተሠርቷል፤ ግላዲስ ስትመጣ ታሞቅልዎታለች።»

«ግላዲስ ታሳርረዋለች።»

«ሾርባ ያርራል እንዴ?»

«በግላዲስ እጅ ውሃም ያርራል። በይ በሩን ዝጊው፤ ነፋስ ገደለኝ።»

«አሁን እወጣ የለ እንዴ?»

«እስክትወጪ ልሙትልሽ? ዝጊው አልኩ! ደህና አድርገሽ!»

«በሩን ዝጊ፣ ነፋስ!» የሚሉትን ነገር ኦሊቭ ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰማው የኖረች ናት። እጇ ሳታዝዘው ሄደ። በሩን ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወደ ራሷ ሳበችው። በሩ ተፋተገ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጓ! ብሎ ገጠመ። ጉበኑ ከላይ ቁጭ ሲልበት ከጣራው አቧራ ረገፈ።

ጎንበስ ብላ አሮጊቷን ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እሳቸውም እጇን ያዝ አድርገው ለቀቁት። ዞራ በሩን ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። በትከሻዋ ገፋችው። ኧረ ወዲያ! ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ከአልጋው አጠገብ ተንደርድራ መታችው፤ ትከሻዋን ብቻ አመማት። በእግሯ ረገጠችው። ባሉጥ ነው እኮ፤ ዕድሜ ብረት ያደረገው ባሉጥ። ማጠፊያውም በወዲያኛው በኩል ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ እማማ ኬዛያ። «ይኼን ጉልበትሽን መላጊያው ላይ ብታውዪው ምን ነበረበት?»

ኦሊቭ ወደ መስኮቱ ሮጠች። መስኮቱ በመንገዱ በኩል ነው፤ ከመስታወቱ ኋላ የባሉጥ ዘንጎች እንደ እስር ቤት ቆመውበታል። መስታወቱን ከፍታ እጇን እስከ ትከሻዋ አሾለከች፤ ጭንቅላቷ ግን እምቢ አለ። «ሰው! ሰው የለም?» ብላ ጮኸች። ከታጨደው ማሳ ላይ ቁራዎች ብድግ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ከማሳው ማዶ መስቀለኛው መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ማንም የለበትም። የሚሄዱበትን ቦታ እያዩ እንደመቀመጥ ያለ ቅጣት የለም፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

«አይከፈትም» አሉ አሮጊቷ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሳምንት ሙሉ ውሃ ጠጥቷል። ባንዴ ደህና ከተዘጋ እስኪደርቅ አይከፈትም። እንግዲህ እንጠብቃለን።»

ኦሊቭ ከመስኮቱ ዘወር አለች። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት።

«ያውቁ ነበር» አለች።

«ላጊው ብዬ አልነገርኩሽም?»

«እንደማይከፈት እያወቁ ነው ዝጊው ያሉኝ!»

«አዎ፣ እያወቅሁ ነው» አሉ፤ ማፈርም የለ። «ሲሪልን የቀበርኩ፣ ኤዝራን የቀበርኩ ሴትዮ ነኝ። አንቺ ስትሄጂ ግላዲስ ታስወጣኛለች፤ ከዚያ ቤቱን ያፈርሱታል። ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ላይ?»

«እግዜር ይይልሽ!» አለች ኦሊቭ።

አንቺ ስትላቸው ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። ከአፏ ከወጣ ወዲያ ግን የሚመልሰው ጠፋ። «እዚህ ቤት ስገባ ቀጥ ብዬ ነበር የምሄደው! በኩሽናው በር አንገቴን ስደፋ፣ በደረጃው ስደፋ፣ በዚህ በር ስደፋ፣ ሃያ ዓመት አለፈ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንኳ፣ ያ በር ጋሪ ከነጭነቱ ያሳልፋል፣ እኔ አጎነብሳለሁ! ሰው ይስቅብኛል፤ የማላይ ይመስልሻል? ገበያ መሃል፣ ሰማዩ ሥር፣ ምንም በሌለበት አንገቴን እደፋለሁ። ዊልፍሬድ መጀመሪያ ያናገረኝ ቀን ‹ምን ጥለሽ ነው መሬት መሬት የምታዪው?› ነው ያለኝ። ቤትሽን እጠላዋለሁ። አንቺንም እጠላሻለሁ። ያቺ አውቶብስ ዛሬ ከሄደች እኔ እዚሁ አረጅና እንዳንቺ ሰው በር የምዘጋ እሆናለሁ!»

ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። ወለሉ ስላዘመመ ባርኔጣዋ ተንሸራቶ መስኮቱ ሥር ደረሰ።

እማማ ኬዛያ ስድብ ሲጠበቅባቸው ድምፃቸው ሌላ ሆኖ መጣ።

«ኤዝራ አንድ ጊዜ ትልቁን ባቡር ጣቢያ ሊያሳየኝ ወሰደኝ» አሉ። «ጣራው ሰማይ ያህላል። በሩ ላይ ስደርስ ጎንበስ አልኩ። አንዱ ሻንጣ ተሸካሚ ሮጦ መጣና ‹እመቤቴ፣ የወደቀብዎት ነገር አለ?› አለኝ። ኤዝራ ሳቀ። እስከ ቤት ሳቀ። እኔ ግን...» ቃላቸውን ሳይጨርሱ ተዉት።

ኦሊቭ ቀና ብላ አየቻቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ከሩቅ መታ። ተነሥታ መስኮቱን ስትይዝ አውቶብሱ ከማዶው ኮረብታ ብቅ አለ፤ አረንጓዴ፣ እንደ ጥንዚዛ ትንሽ። በወፍጮው ዞሮ፣ በድልድዩ አልፎ ነው የሚመጣው። ዞሮ እስኪመጣ ያለችው ጊዜ ናት የቀረቻት።

«መጣ» አለች ለራሷ። «አለቀልኝ።»

«አልጋውን ሳቢው» አሉ እማማ ኬዛያ።

«ምን?»

«ደንቆሮ ነሽ? አልጋውን ከግድግዳው ሳቢው!» ብለው ብርድ ልብሱን ገፈፉት፤ እግራቸውን አወረዱ፤ ቆሙ። ቆሙ! ከፋሲካ ጀምሮ እንደ ሕፃን ሲታቀፉ የከረሙት ሴትዮ በገዛ እግራቸው ተራምደው የአልጋውን እግርጌ ያዙ።

ኦሊቭ አፏ ተከፈተ። «ይሄዳሉ እንዴ?»

«ሲያስፈልግ። አሁን ቁጣሽን ለሌላ ቀን አቆዪውና ሳቢ።»

ሳቡት። ከአልጋው ኋላ የጓሮው ግድግዳ ነው፤ ያ ኩራተኛ ሰውዬ ማን ያየኛል ብሎ ቋሚዎቹን ያራራቀበት። አሮጊቷ ምስማር ላይ አቧራ ለብሶ የተሰቀለውን ከዘራቸውን አውርደው ሰጧት። «እዚህ ጋ» አሉ በጣታቸው። «ከወገብሽ ዝቅ ብለሽ። ምቺ።»

መታች። ኖራው ተሰነጠቀ። ደግማ መታች፤ ደረቅ ጭቃ በቁሙ ተገምሶ ወረደ፤ ጭዱ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን ስትመታ ማገሩ ታየ። እጇን ሰዳ ልትሰብረው ስትል ደርቃ ቀረች። ማገሮቹ በሁለቱም ጫፍ ተቆርጠዋል። በጥንቃቄ፣ በቢላ ተቆርጠው፣ ተመልሰው በሲባጎ ታስረዋል። ቋጠሮው በአንድ ሳብ የሚፈታ ነው። ከማገሮቹ ላይ በተረፈው ጭቃ የሰው መዳፍ ታትሞበታል፤ ትንሽ የሴት መዳፍ።

«ይኼ ምንድነው፣ እማማ?»

እማማ ኬዛያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። «መቀነቱን ስሻገር ነው የወደቅሁት» አሉ። «የመጀመሪያው ልጄ ሆዴ ውስጥ ነበረ። ሞተ። ኤዝራ በማግስቱ መጋዝ ይዞ መጣና ግንዱን ቆረጠው። ሰው ሁሉ እንዴት ቢወዳት ነው አለ፤ ከዚያ ወዲያ አኩርፌያለሁ እንኳ ማለት አልቻልኩም። እናቱ በዚያኛው ክፍል፣ በሩ ሥር ነበረች የምትተኛው። ቀን ከዓይኗ፣ ማታ ከበሯ አልወጣም። እሱ ማሳ ሲወርድ፣ እሷ ከታች ወተት ስትንጥ፣ አንድ አንድ ማገር እየቆረጥሁ አሰርሁት። መልሼ መረግሁበት፤ በአንድ እርግጫ እንዲወርድ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁጭ አልኩ። ወዴት እሄዳለሁ? በኔ ጊዜ አውቶብስ አልነበረም።»

ኦሊቭ አልጋው ስንት ዘመን እዚያ ቀዳዳ ላይ ተጠግቶ እንደኖረ አሰበች። አሮጊቷ ትራሳቸውን ሲያስደግፉ የኖሩት በገዛ መውጫቸው ላይ ነው። በጣም አሳዘኗት፤ ንዴቱም አልወጣላትም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

«ቁሚና ጉድ በይ!» አሉ እማማ ኬዛያ፣ የድሮው ድምፃቸው ተመልሶ። «ሳቢው እንጂ!»

አንዱን ሲባጎ ሳበች፤ ሌላውን ሳበች። ማገሮቹ እንደ ፍልጥ ረገፉ። በውጭ በኩል የቀረውን ጭቃ በጫማዋ ስትረግጠው ሰማይ ገባ። ጭንቅላቷን አሾለከች፣ ትከሻዋን አሾለከች፤ ካፖርቷ ተያዘና ተቀደደ። አሮጊቷ ከኋላ በሁለት እጃቸው ገፏት፤ ጉልበታቸው ደግሞ! ከሥር ያለው የወተት ቤቱ ጣራ ላይ በሆዷ ተንሸራታ፣ እግሯ የዝናብ ውሃ በርሜል ላይ አረፈ፣ ከዚያ መሬት።

የአውቶብሱ ጡሩምባ ከመስቀለኛው መንገድ ተሰማ። ሮጠች። ግን የጓሮው ጥግ ላይ ስትደርስ እግሯ እምቢ አላት፤ ዞር ብላ አየች። እማማ ኬዛያ ቀዳዳው ውስጥ ነበሩ፤ ነጭ ፀጉራቸውን ነፋሱ ያንቀሳቅሰዋል። ፊታቸው ቀና ብሏል።

«ይምጡ!» አለቻቸው። «እግርዎ ደህና ነው! እኔ እይዝዎታለሁ፤ ዊልፍሬድን ልጥራው፣ ይጠብቃል!»

አሮጊቷ ወደ ታች አዩ፤ ወደ ጣራው፣ ወደ በርሜሉ፣ ወደ እሷ። አንድ እጃቸውን ከቀዳዳው አውጥተው አየሩን እንደመንካት አደረጉ። ኦሊቭ ሊወጡ ነው ብላ ወደ ኋላ ተራመደች።

«ነፋስ ይገባል» አሉ እማማ ኬዛያ። «ለግላዲስ መጋዝ ይዛ እንድትመጣ ደውይላት።»

ከዚያ ትራሳቸውን አንሥተው፣ አጥፈው፣ ቀዳዳው ውስጥ ወተፉት። ትራሱ አንድ ሁለት ጊዜ ከውስጥ ተገፋ፤ ደህና አድርጎ ሲገጥም ቆመ።

ኦሊቭ ማሳውን አቋርጣ ሮጠች። ዊልፍሬድ አውቶብሱን አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ተሳፋሪዎቹ «ቶሎ በል እንጂ» እያሉት እሱ ጡሩምባውን ይነፋል። ከማሳው ጭቃ የለበሰች፣ ፀጉሯ ላይ ጭድ የተሰካ፣ ሻንጣም ባርኔጣም የሌላት ሴት ስትመጣ አይቶ መጀመሪያ አላወቃትም። ሲያውቃት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በር አልከፈት ብሎኝ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

እጁን ዘረጋላት። እግሯን መርገጫው ላይ አኖረች፤ በአውቶብሱ በር ስትገባ አንገቷን ደፋች።

«በሩ ከፍ ያለ ነው እኮ» አላት ዊልፍሬድ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለችና፣ እንደደፋች፣ ከፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።